«አልተገኘም»

በጥር ቅዝቃዜ፣ ወንዙ ሲደነድን፣
ሁለት ፈረስ ጠምደን፣
ድርቆሹን በበረዶ መንሸራተቻ ከምረን፣
እኔና ዌንደል ነን
ጎህ ሳይቀድ ወጥተን የምንበትንላቸው፤
ስድስት መቶ ኤልክ፣ ጭጋግ ትንፋሻቸው፣
ቀንዳቸው እንደ ደን የሚንቀሳቀስ፣
ጎን ለጎን ተጋፍተው፣ አፍንጫ ከአፍንጫ እስኪተሻሽ ድረስ።

ሠላሳ ዓመት ሞላን እንዲህ ስናበላ፤
ደግነት ነው አልነው፣ ስም ሳንሻ ሌላ።
በጥቅምት ግን ያው እጅ ጠመንጃ ያነሳል፤
ያበላው ይበላል።
ሕጉ ይኸው ነበር፣ ማንም አልከፋውም፤
ኤልክ በጥይት እንጂ በድርቆሽ አይሞትም።

ባለፈው መጋቢት፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ አንዲት እንስት ቆማ፣
ለሃጯ ሲንጠባጠብ፣ ጆሮዋ ዘማ፣
እግሯ እንደ ሰካራም በደልዳላ መሬት እየተገዳገደ፣
ሥጋዋ ከአጥንቷ ተሟጦ የሄደ።
ተጠጋኋት። አልሸሸችም። አየችኝ እንደማታይ።
ፍርሃቷ ነበር ቀድሞ የሞተው፣ እሷ በእግሯ ቆማ ሳለች ገና በፀሐይ።
ዌንደል ባርኔጣውን አወለቀ።
ከዚያ ጥይት አጎረሰ። ተራራው ጮኸና ዘለቀ።

«ይኼ ነገር» አለኝ ማታ፣ «ትኩሳት የለውም፤
የምድጃ እሳት፣ የጥር ውርጭ አይገድለውም፤
አፈር ከገባ ወዲያ መቼ እንደሚወጣ የሚነግርህ የለም።
ከምራቅ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ አፍ ነው መንገዱ።
ታዲያ ማን ነው ያነጠፈው ማዕዱን፣ ተሰልፈው እንዲወርዱ?»
አልመለስኩለትም።
መንሼን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፤ ያን ማታ አልተኛሁም።

በጥቅምት ማርሊስ፣ የልጄ ልጅ፣ አሥራ አራት የሞላት፣
የመጀመሪያዋን ጣለች በአንድ ጥይት።
አልጮኸችም። ጓንቷን አውልቃ አንገቱን ዳሰሰች፤
«ይሞቃል» ብላኝ፣ እጇን ሳታነሳ ቆየች።

ከመንገዱ ዳር የፍተሻ ድንኳን፣ መኪና በመኪና።
ድሮ እዚህ ሰልፍ ላይ ወሬው ቀንድ ነበርና፣
ስንት ቅርንጫፍ፣ ከየትኛው ሸንተረር፣ በስንት ሜትር ርቀት፤
ዘንድሮ ጉሮሮ ነው፣ ዕጢ፣ ትንሽ ቢላ፣ ትንሽ ከረጢት።
ኦርሪን ብቻ ይስቃል፦ «ሃምሳ ዓመት በላሁ፣ ምን ሆንኩ?» እያለ፤
ሚስቱ ከመኪናው አልወረደችም፣ መስኮቱም እንደተዘጋ አለ።

«ሦስት ሳምንት» አለችን መርማሪዋ፣ ቁጥር ጽፋ።
ሥጋው ጋራዥ ገባ፣ ሽንጡም ታፋውም ስሙን አጥፋ፤
ነጭ ወረቀት ላይ በማርሊስ የልጅ እጅ ጽሑፍ
ያው አንድ ቁጥር፣ በየጥቅሉ ጫፍ።
ሌሊት ሌሊት የማቀዝቀዣው ሞተር ሲያጉረመርም እሰማለሁ፤
የሚያኝክ ነገር ይመስለኛል፤ ተነስቼ በሩን እዘጋለሁ።

ወረቀቱ መጣ።
«አልተገኘም» ይላል። «የለም» የሚል ቃል ከላቦራቶሪ አልወጣ።
በሁለቱ ቃላት መሀል ያለው ቀዳዳ የመርፌ ያህል ነው፤
ስድስት መቶ ኤልክ ግን ያሳልፋል፣ ቀንዱን ሳይነካው።

በላን። ማርሊስ ጨው አቀበለችኝ።
«ጥሩ ነው?» አለች። «ጥሩ ነው» አልኳት። ዳግም አልጠየቀችኝ።

አሁን ደግሞ ጥር ነው። ፈረሶቹ ተጠምደዋል፤
ዌንደል ልጓሙን ይዞ ወደ እኔ ያያል።
ብናበላ እንገድላለን፣ ብንተው በረሃብ ያልቃሉ።
ድርቆሹን አራርቀን በተንን፣ ሃምሳ እርምጃ በየክምሩ መሀሉ፤
መጡ ከጫካው፣
ክምሩን ሁሉ አልፈው፣ አንዱን ብቻ ከበው፣
እንደ ጥንቱ፣ ለሙቀት፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተደጋግፈው።