የተገለበጠ ጸሎት

መጀመሪያ ጣቴ ተኛ።
አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሐል ጣት፤ ሦስት ጓደኛ።
ትንሿ ብቻ ነቅታ አደረች፣ እንደ ዘበኛ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የማራኪ ውሻ መጮኹ ሲደክመው፣
አልጋዬ ጫፍ ተቀምጬ እጄን ሳራግፈው፣ ሳራግፈው፣
የድሮ ቴርሞሜትር የሚያወርድ ሰው ነው የምመስለው።
ውባንተ ነቃ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ።
«ተጭኜው ነው» አልኩት። ውሸቱ ቀለለኝ።

ጠዋት አራዳ፣ ደረጃው ላይ ወረፋ፤
ከቆላድባ የመጡ እናት፣ አንድ ጉንጫቸው የተነፋ፣
የባጃጅ ሹፌር፣ መንጋጋውን ይዞ የተደፋ።
እኔም በጓንቴ ውስጥ፣ ማንም ሳያይ፣ ጣቴ ሲጠፋ።

አሥራ ስድስት ዓመት አንጓዬን አጥፌ፣
ከእርሳስ በቀጠነ ብረት መላ ክንዴን አሰልፌ፣
የሰውን ጥርስ ድንጋይ ስፍቅ፣ የራሴን ነርቭ ፈግፍጌ አልፌ።

ይህችን ከተማ በድንጋይና በኖራ ያስገነባት ጌታ
ስሙ ይታወቃል። የግንበኛው አንጓ ግን እንዴት ነበር ማታ ማታ?

አንድ ማክሰኞ መስታወቷ ከእጄ ወደቀች፤
ትንሿ፣ ክቧ፣ የጥርስ ጓዳ የምታሳየኝ፣ ሲሚንቶው ላይ ጮኸች።
ታካሚው አፉ ጥጥ ሞልቶ «አይዞሽ» አለኝ፤
ቃሉ በጥጡ መሐል ሾልካ ወጣች።

አዛናው ይባላል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው አካሉን የሚያለማምድ።
«ጸሎት ታውቂ የለ? ገልብጪው» አለኝ።
«መዳፍ ከመዳፍ አይደለም፤ የእጅሽ ጀርባ ከጀርባ፤
ጣቶችሽ ቁልቁል ይዩ፣ እንደ ጠወለገ አበባ።
ስልሳ እንቆጥራለን፤ ንገሪኝ፣ ጉንዳኑ ከስልሳ በፊት ከገባ።»

ሃያ ሁለት ስንል ገባ፤ አውራ ጣት መጀመሪያ፣
ሌሎቹም ተከተሉ፣ ቅዳሜ እንደሚወጣ ገበያ።
በጣቱ ጫፍ አንጓዬን ኳ ኳ አደረገው፣ እንደ ቤት እንግዳ፤
መብረቅ ከፈተለት፣ እስከ ጥፍሬ ጓዳ።

«ቀደም ብለሽ ብትመጪ ኖሮ» አለና አቀረቀረ።
ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ስንቱን ገሥጬባታለሁ፣
ጥርሱ እስከ ሥሩ ከተቦረቦረ።

ቀኝ አንጓዬ ተቀደደ። ከጤፍ አገዳ የቀጠነች ጠባሳ።
ጅማቱ መንገድ ለቀቀ፤ ነርቩ ግን ግማሹን መንገድ ረሳ።
ዛሬም ኪሴ ውስጥ ሳንቲም ይሁን ቁልፍ አላውቅም፣ ወደ ብርሃን ሳላነሳ።

አሁን ተማሪዎቼ ለልምምድ ሲመጡ፣
ጋዋናቸው የካውያ ትኩሳት ሳይለቀው ሲቀመጡ፣
ብረት ሳልሰጣቸው «እጅ አምጡ» እላለሁ። «ጸሎት ገልብጡ።»
ይስቃሉ። እኔ እቆጥራለሁ።

ማስተዋል የምትባል፣ የአዘዞ ልጅ፣ እጇ ረቂቅ፣
አርባ ስድስት ላይ ዓይኗ ተርገበገበ፤ ትከሻዋ ግን አላለም ንቅንቅ።
«ምንም የለም» አለችኝ፤ ፈጥና፣ ሳቅ።

ያቺን «ምንም» አውቃታለሁ።
ከውባንተ ጎን ስንት ሌሊት አብሬያት አድሬያለሁ።

ደረጃው ሥር፣ ጀነሬተሩ በሚጮህበት፣ ለብቻዋ ጠራኋት።
«ስንት ላይ ነው?» አልኋት።
«አርባ ስድስት።» ዝም። «ከፋሲካ ወዲህ።»
ቀጥላም፣ «ከተጻፈ ያባርሩኛል?»
እጇን ያዝኩት፣ ግማሽ በተኛ እጄ።
«አርባ ስድስት ሀብት ነው» አልኋት፤
«እኔ ሃያ ሁለት ይዤ ነው የሄድኩት።»

አንጓዋን ቀጥ የሚያደርግ ድጋፍ ለሌሊት አሰርኩላት።
ሌላ አልመከርኳትም።

ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ውሻው ዝም ብሏል።
ከዚህ እስከ አዘዞ ጨለማ ነው፤
እቆጥርላታለሁ፦
አርባ ሰባት። አርባ ስምንት።
አርባ ዘጠኝ።