ከዶሮው በኋላ

የሊማ ክረምት ዝናብ አያውቅም፤ ጉም ነው የሚያንጠባጥበው፣
ሰማዩ ያልደረቀ አንሶላ፣ ባለቤቱ ገመድ ላይ የረሳው።
መምህርት ሂሴላ በመጀመሪያው ቅዳሜ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣
"ይኸውላችሁ ነጻ መብራት፤ ጥላ አይጥል፣ ሂሳብ አይመጣበት" አለች ረግታ፤
"እዚህ ተወልዶ ፎቶ ያልተማረ ሰው ሰማዩን በከንቱ ተሸከመ።"

አሥራ አራት ነበርን። አሥራ ሦስታችን ስልክ ጨብጠን ያደግን፤
አሥራ አራተኛው ዶን ሳቱርኒኖ፣ ስልሳ ሊሞላው ሁለት የቀረው፣
ጥፍሩ ሥር ሮዝ ቀለም የሰፈረበት፣ የትኛውም ሳሙና ያላስለቀቀው።
ሠላሳ ዓመት በከተማው ግንብ ላይ የዘፋኞች ስም ሲያስጮህ ኖረ፤
ፕላስቲክ ላይ የሚያትም ማሽን መጣ፤ ብሩሹ ከነጣሳው ደረቀ፤
እሱም ደብተር ገዝቶ ከእኛ ጋር ፊደል መቁጠር ጀመረ።
ማውዙን ሲይዝ የአንድ ቀን ጫጩት የያዘ ይመስላል፣
እንዳይጨፈልቀው ይፈራል።

የፊደል ቅርጽ በተማርንበት ቀን አራት መቶ ዓይነት ተዘረዘረ።
አንዱን በጣቱ ነክቶ፣ "ይሄ የማን እጅ ነው?" አለ።
ሳቅን።
"የማንም" አለች መምህርት፤ ትንሽ አሰበችና፣ "የሁሉም።"
"እንግዲያው ቢጣመም የሚወቀስ የለማ" አለ፤ ወደ ደብተሩ ተመለሰ።
በሁለት ፊደል መሃል ስንት ክፍተት ይበቃል? እኛ ቁጥር እንሞላለን፤
እሱ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "ይህ ወፍራም ጎረቤት ቀጭኑን ገፍቶታል፣
ትንሽ ፈቀቅ ይበልለት።"
ፈቀቅ ስናደርገው ቃሉ ተነፈሰ።

የሌንሱ ቀዳዳ ሲሰፋ ቁጥሩ እንደሚያንስ የሰማ ቀን፣
"እንደኔው ነው፤ ሙያዬ ሲሰፋ ገንዘቤ አነሰ" ብሎ አሳቀን።

ከዚያ የውሸቱ ምዕራፍ መጣ። እኔ የወደድኩት እሱን ነው።
ማሩ የሞተር ዘይት፣ ወተቱ ሙጫ፣
እንፋሎቱ ከሳህኑ ጀርባ የተደበቀ፣ በፈላ ውኃ የራሰ ጥጥ ነው።
"ካሜራ አይቀምስም" ትላለች ሂሴላ።
ጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ፈተናው ለሴኞራ ዞይላ ዶሮ ቤት ማስታወቂያ መሥራት ነበር።
እኔ ጥሬ ዶሮ ገዛሁ፤ የአኩሪ አተር ስጎና የዕቃ ሳሙና ቀባሁት፤
ቆዳውን በጋዝ ነበልባል ለበለብኩት፤ እንደ ነሐስ አበራሁት።
ውስጡ ቀይ ነበር። ቀዝቃዛ።
የዘበኛው ድመት አሽትታው ሄደች።
ከሃያ አሥራ ሰባት።

ዶን ሳቱርኒኖ ያነሳው አንድ ሳህን ነው።
አጥንት። የተጨመቀ ሎሚ። የተኮማተረ ሶፍት።
በብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሕፃን አውራ ጣት፣ በቅባት የታተመ።
ከሥሩ በገዛ ብሩሹ የጻፈው አንድ ቃል፦
አለቀ።

"ዶሮዬ የታለ?" አለች ዞይላ።
"በሉታ!" አላት።
አሥራ ሁለት ተሰጠው። ማለፊያው አሥራ አንድ ነው።

የኔው ታተመ፤ አራት ሜትር ሆኖ ከበሩ በላይ ተሰቀለ።
እናቴ አክስቶቼን ሰብስባ አውቶቡስ አሳፍራ ወሰደቻቸው፤
እኔም ከኋላ ሆኜ እያንዳንዳቸው ሲያደንቁ ቆጠርኳቸው።
የየካቲት ፀሐይ ቀዩንና ቢጫውን ላሰችው፤
ዶሮው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ፣ ከባሕር የወጣ ሬሳ።
ማንም አላወረደውም። እኔም በዚያ መንገድ ማለፍ ተውኩ።

ዶን ሳቱርኒኖን ዳግመኛ አላየሁትም። እጁን ግን አየሁት፤
በአንድ ባለሦስት እግር ታክሲ ጀርባ ላይ፣ የሚጮህ ሮዝ፦ "አትከተለኝ፣ ዕዳ አለብኝ"፤
ፊደሎቹ እርስ በርስ ቦታ ተሰጣጥተው።
እስከ ገበያው ጫፍ ተከተልኩት።

ባለፈው ሰኔ፣ ግራጫው ሲመለስ፣ ርቦኝ ዞይላ ቤት ገባሁ።
በላሁ። ጣቴን ላስኩ። ቀና ስል
ያ ነጻ መብራት በመስኮቱ ገብቶ ሳህኔ ላይ ተኝቷል፤
አጥንቱ ዳር ዳር፣ ሎሚው በጎኑ፣ ማንም ያላሰናዳው።
እጄ ሳላዘው ቦርሳዬን ከፈተ።
አስተናጋጇ ሳህኑን ልታነሳ መጣች።
"አንዴ ቆዪ" አልኳት፣ ተንበርክኬ።
እኔንም አየች፣ ሳህኑንም አየች፤
"አላለቀም እንዴ?" አለች።