ከአንድ ወደ አራት

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ፓዱካ ይዘንባል፣
ከኦሃዮ ወንዝ ላይ የከሰል ጀልባ ያናፋል።
የፈታሁት ካምቢዮ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣
ጥርሱን እየቆጠርሁ ነው፤ ሦስተኛው ማርሽ ተሸርፏል።

ቨርሊን ስቶከር ገባች፤ የአርሊስ ሚስት፤
አርሊስን ከቀበርነው ገና ዘጠኝ ሳምንት።
ያቺ ዝቅ ያለች ግራጫ በር ላይ ቆማለች፤
«መኪናዋ» አለችኝ፣ «መኪናዋ ታማለች።
ከአንደኛ ሳወጣት ሁለተኛን እንቢ ትለኛለች፣
እጄን ጠምዝዛ ወስዳ አራተኛ ላይ ትጥለኛለች።
ዳሽቦርዱም ላይ ትንሽ መብራት ይበራል፤
አንድ፣ ቀስት፣ አራት፤ እንደ ትእዛዝ ያፈጣል።
ሁለትና ሦስት የት ገቡ? ሰው እንዴት
ከአንድ ተነሥቶ አራት ላይ ያድራል?»

ሳቅሁ፤ ከዚያ በሳቄ አፈርሁ።
«አልታመመችም» አልሁ፤ «ሲሠሯት እንዲህ ነው።
ሶሌኖይድ አለቻት፤ አውራ ጣት የምታህል፣
ኮምፒዩተሩ ሲያዛት ከጎን ብቅ የምትል።
ሞተሩ ሞቆ ፍጥነቱ አሥራ አምስት ማይል ሲያልፍ፣
እግርሽ ነዳጅ መስጫው ላይ እንደ እንቁላል ሲያርፍ፣
ያኔ ነው የሁለተኛ ደጅ የሚቆለፍ፤
ነዳጅ ቆጠበች ተብሎ ወረቀት ላይ እንዲጻፍ።»

«አርሊስስ?» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ነዳት።
አንድ ቀን እንኳ ስለዚህ ቁልፍ አላወራኝም። ለምን ደበቃት?»

መፍቻዬን በጨርቅ ጠረግሁ፤
ጠርጌው የነበረውን ደግሜ ጠረግሁ።
«አልደበቀሽም፤ ደጁ የሚዘጋው ለዝግተኛ ነው።
ረግጦ ለሚሄድ ሰው ፒኗ መኖሯም አይታወቅም፤
አርሊስን ታውቂዋለሽ፤ በስሱ ረግጦ አያውቅም።»

ዝም አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል።
አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጦባት ያላየው መዝጊያ
ለእሷ በሦስተኛ ቀኗ፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ፣ መታጠፊያ።

ከመሳቢያ አወጣሁ፤ ጥፍር የምታህል ሶኬት።
«ይቺን ብሰካ ፒኗ ትተኛለች፤ ሃያ ዶላር ናት።»
«የኋላ ማርሹስ?» አለች፤ «እሱም ስነዳ ይቆለፋል?»
«እሱስ ይቆለፍ። ወደ ፊት እየበረሩ
ኋላ ቢያስገቡ ካምቢዮው ይረግፋል።»
«ይሄኛውስ ደግ ቁልፍ ነው» አለች፤ ለእኔ አልነበረም።
ሶኬቷን በጣቷ አገላበጠች፤ ከተሸረፈው ማርሽ አጠገብ
አስቀመጠቻት። ስለ ዋጋም አልተናገረችም።

ወጣች። ጃንጥላ የላትም፤ አልሮጠችም።
ወንበሩ አሁንም በአርሊስ እግር ልክ ነበር፤
ሳበችው ወደ ፊት፣ እስከ መሪው ድረስ፤
ፍሪሲዮኑን ረገጠች፣ ወለሉ እስኪደርስ።

ጆሮዬን ጣልሁ፤ እንጀራዬ ጆሮዬ ነው።
አንደኛ። የሞተሩ ድምፅ አደገ፣ አደገ፣
አሁን ትለቀዋለች ስል ጭራሽ አደገ፣
ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ሸርተት አደረገ፤
ከዚያ ቀጭ። ሁለተኛ።
ድልድዩ ሥር፣ ሦስተኛ።
አራተኛውን አልሰማሁም።
ጀልባው ጮኾ ይሆናል፤ ወይም ገና አላስገባችውም።