የሞቀው ኮፈን

«ሞተሯን አታስነሳ» አልኩት በስልክ፣ ማታ፣
«እስክመጣ ትቆየኝ፣ እንዳደረች ተኝታ።»

የናፍጣ መኪና እውነቷን የምታወጣው
በጧት ብርድ ነው፣ ገና ሳትነካ፤
ካንዴሌታው ሲግል፣ ቁልፉ ሲዞር፣
ወይ ትነሳለች፣ ወይ በነጭ ጭስ ታስላለች።
ሻጭ ቀድሞ ካሞቃት
በሽተኛ ሙሽራን ኩሎ እንደ መዳር ነው።

ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው።
የመጀመሪያዬን ዝገት ከሥሯ በላት፤
ሁለተኛዋን፣ በጥቅምት ጭጋግ፣ አንድ ኤልክ
ከነቀንዱ በፊት መስታወቷ ገባባት።
እኔ ተረፍኩ፣ ፖስታው ተረፈ፣ እሷ ቀረች።

ፖስተኛ ነኝ። ከኦስተርሱንድ ወደ ሰሜን
አስፋልት ካለቀ በኋላ ያሉ ቤቶች
መድኃኒታቸውም፣ የፍርድ ቤት መጥሪያቸውም
በእኔ እጅ ነው የሚደርሳቸው።
አራቱም ጎማዋ የሚስብ፣ ጀርባዋ ረጅም፣
ሆደ ሰፊ መኪና ያሻኛል፤
የአዲስ ዋጋ ግን ኪሴ አያውቅም።

ቶርግኒ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣
ሰማንያ አንድ ዓመት፣ በሱፍ ኮፍያ።
ሰላምታውን ሳልጨርስ እጄ ኮፈኑ ላይ አረፈ።
ሞቋል።
ለብ ያለ አይደለም፤ ሞቋል፣
የበረዶው ቅላጭ ከጠርዙ ይንጠባጠባል።

ጥርጣሬን በሆዴ፣ ባትሪን በእጄ ይዤ
ከሥሯ ገባሁ።
እሱ ከላይ ሆኖ ነውሯን ይቆጥራል፦
«ፍሪሲዮኑ ዳገት ላይ ይንሸራተታል።
የኋላ ግራ ኩሽኔታ ያፏጫል፤
ሰማንያ ስትደርሺ ‹ላ›ን ይይዛል፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ።»
አርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲቃኝ ኖሯል፤
ሁሉን የሚያውቀው በጆሮው ነው።
«ሦስተኛው ኢንጀክተር ያንኳኳል።
ማርሚታውን በሽቦ ነው ያሠርኩት።
አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ሄዳለች፤
ሊሰሎት፣ ሌላ ብታዪ ይሻልሻል።»

ገበያው ተገለበጠ፤ ሻጭ ያጣጥላል፣
ገዢ መሬት ተኝቶ ያሞግሳል።
«ሻንሲው ጤነኛ ነው!» «ከላይ ነው፣» ይላል።
«ዘይቷ ንጹሕ ነው።» «ትጠጣዋለች።»
አርባ ሺህ ክሮነር ያላትን ራሱ ሠላሳ አላት፣
እኔ ሠላሳ አምስት አልኩ። ምን ነካኝ?
መዳፌ ላይ ግን ያ ሙቀት አለ።
ነውር የሚደብቅ አሙቆ ያቀርባል፤
ነውር የሚቆጥር ምን ብሎ ያሞቃል?

ከሥሯ ስወጣ፣ ተንበርክኬ፣ አየሁት፦
በረዶውን።
ሌሊት የጣለው፣ አንድ ስንዝር፣
ከፊቷም ከኋላዋም አልተነካም።
የጎማ መስመር የለም።
ከቤቱ በር እስከ ነጂው በር
የቡት ዱካ ብቻ፣ አንድ ሂያጅ፣ አንድ ተመላሽ፤
ተመላሹ አጭር አጭር ይራመዳል።
የፊት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ለብሶ
ከመሪው ትይዩ በመዳፍ የተጠረገ ክብ አለው።

ዓይኑ ደክሞ መንጃ ፈቃዱን
በጥር ተቀብለውታል። ይህን የነገረኝ ኋላ ነው፣
ውል ስንፈራረም፣ እንደ ቀላል ነገር፣
የሚፈርምበትን መስመር በጣቱ እየፈለገ።

ሊነጋ ሲል ካፖርቱን ደርቦ፣
ቁልፉን አዙሮ፣ የትም ሳይሄድ፣
ተቀምጦ ሲሰማት ነበር ለካ።
በኮፈንና በከፈን መካከል
ያለችው አንዲት ፊደል ናት፤
እሷን ነው ያሞቀው።

«አርባ» አልኩት።
«ሠላሳ አልኩሽ እኮ።»
«አርባ።»

እኔን ሳይሆን ኮፈኑን መታ መታ አደረገ።
«ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ፤ አትቸኩዪባት» አለ፣
ለማን እንዳለው እንጃ።

መቀመጫው ለረጅም ሰው የተበጀ ነው፤ ወደ ፊት ሳብኩት።
የኋላ ማሳያውን አልነካሁትም፤
ቀና ብዬ ባይ እሱ የለበትም፣
የጥድ ጫፍ፣ ነጭ ሰማይ፣ ሌላ ምንም።

አስፋልቱ ጋ ደርሼ፣ ሰማንያ ላይ፣
ኩሽኔታው ማፏጨት ጀመረ።
‹ላ› መሆኑን በምን አውቄ።
ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር።