መሳቢያ

ቅዳሜ ነው፤ ግቢው ጭር ብሏል፤
ከመስኮቴ ማዶ ጣና እርሳስ መስሏል።
አርባ ሦስት ጥናት ጠረጴዛዬ ላይ፣
ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ፦
በእኩል ድካም፣ ከሴቷ እጅ የሚጎድለው ብር
ከመቶ ስንት ነው፣ በደንብ ሲቆጠር?

እያንዳንዱን ጥናት በአንድ ነጥብ ወከልኩት፤
ሰው የበዛበትን ከላይ፣ ያነሰበትን ከታች አስቀመጥኩት።
ነገሩ ቅን ቢሆን፣ ነጥቦቹ ተሰባስበው
አፉን የደፋ የላምባ ሻጭ እንቡቶ ነበር ቅርጻቸው፤
ጫፉ የጠበበ፣ ከንፈሩ በግራም በቀኝም የሰፋ።
የኔ እንቡቶ ግን ግራ ከንፈሩ ጠፋ።
እዚያ ነው ትንንሾቹ «ልዩነት አላየንም» የሚሉበት ቦታ፤
ነጭ ወረቀት ብቻ። ዝምታ።

ይስማው መረብ ሲጠግን እንዲህ ብሎኝ ነበር፣
ጀልባው እየተወዛወዘ በወደቡ ዳር፦
«በዓይነ ሰፊ መረብ አድረሽ፣ አምባዛ ብቻ ብታወጪ
ጣናን ‹ጫጩት የለህም› ብለሽ አትቆጪ፤
ቀዳዳውን ጠይቂው።»

መሳቢያዬን ሳብኩት። ልክ እንደ መረብ ከበደኝ።
ከአሮጌ ደረሰኝ ሥር የገዛ ወረቀቴ ጠበቀኝ፦
የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ወደቡ ላይ ዓሣ የሚበልቱ
ሠላሳ አንድ ሰዎች፤ ስንት ይዘው እንደሚገቡ ወንዶቹም ሴቶቹ።
ልዩነት አላገኘሁም። ያገኘኋት ጭላጭ
ከአጋጣሚ አትለይም ነበር፤ እንዲያው ጻፍኩት፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።
መጽሔቱ በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «አዲስ ነገር የለውም።»
አፈርኩ። ዘጋሁበት። ቁልፍ እንኳ አላስፈለገውም።
ቀባሪውን ስፈልግ ነበር፤ አፈሩ ግን ከእጄ አልለቀቀም።
በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐዋሳ ስንት መሳቢያ ይኖር ይሆን
እንዲህ ወረቀት ታቅፎ የሚያረጅ ዝም ብሎ?

ፈተሽኩት፤ ሒሳቡ አመሻሹ ላይ ወጣ፦
የታተሙት አሥራ ዘጠኝ ሲሉ፣ የጎደለው ሲገመት አሥራ አንድ መጣ።
ውብርስት አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።
«ስምንቱን ከማን ኪስ ነው የወሰድሽው?» አለች፤
«ነገ አንዱ አለቃ ይህን ገጽ ቀዶ ‹ሁሉም ውሸት ነው› ይላል።»
አሥራ አንድ ዜሮ አይደለም አልኳት። «ለማን ይገባዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ፣
የሎጁ ግንባታ ጋ ደመወዝ ሲከፈል ደረስኩ።
አንጓችና አንድ ጎልማሳ፣ አሸዋ በአንድ ባሬላ፤
አንድ ሸክም፣ አንድ እርምጃ፤ እሱ ፊት፣ እሷ ኋላ።
ለእሱ አራት መቶ ሃምሳ፤ ለእሷ ሦስት መቶ ሃምሳ።
ከሁለቱም ቁጥሬ ይበልጣል! እጄ ለብዕር ተነሣ፤
ግን አንዲት ባሬላ ናት።
ደብተሬን መልሼ ከደንኩ።

ሥራዬን ብነግራት፣ ነጠላዋን እያራገፈች፣
ሳቋም ቁጣዋም ሳይለይ፣ እንዲህ አለች፦
«መቶውን መቶ በይው። ሁለት መቶ ያልሽው እንደሁ አለቃችን ይስቃል፤
በሱ ሳቅ መሀል የኔም መቶ ይጠፋል።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ሠላሳ አንዱን ሰዎች አወጣሁ፤
ከታች፣ በግራ፣ ነጩ ላይ፣ አንዲት ነጥብ ጣልኩ።
አርባ አራት።
መሳቢያው ከቅዳሜ ወዲህ አልዘጋ ብሏል፤
የሐይቁ እርጥበት ይሆናል፤ እንጨቱ አብጧል።