የጥፍር ሥር ጥቁር

የሱቁ ሳሙና፣ መጠቅለያው ወርቃማ፣ ሽታው ጽጌረዳ፣
አቃጠለው አባቴን፤ ከጀርባው ላይ ተላጠ ቆዳ።
ሂቦ ሲያቃስት ሰማች፤ በቆርቆሮው አጥር ሽንቁር አየችኝ፤
"አንቺ፣ ይኼ ሰው ነው፣ ለከበሮ የሚፋቅ አይደለም" አለችኝ።

ግንቦት ነው። ከቀትር በኋላ ድሬ እንደ ድስት ትከደናለች፣
ከዚራ የዛፎቿን ጥላ ተከናንባ ትተኛለች፤
ደቻቱ አሸዋ ብቻ፤ ወንዝ መሆኑን
የሚያስታውሰው ድልድዩ ነው።
ሂቦ ግን በዚያ ሐሩር ቀፊራ ደርሳ
ተመለሰች፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ቅጠል ይዛ።
"ቀሲል" ትለዋለች እሷ፤ ቁርቁራ ነው በእኛ አፍ፤
ልጅ ሳለን ፍሬውን የበላን፣ እሾሁ የወጋን፣ ያው ዛፍ።

ፀሐይ እንዳይነካው አለች። አልጋ ሥር ዘረጋነው፣
ከአባቴ የመፍቻ ሣጥን አጠገብ፣
ክዳኑ ላይ የፈረንሳይ ፊደል ከደበዘዘበት።
በሦስተኛው ቀን ሙቀጫ ውስጥ ስወቅጠው
ብናኙ አፍንጫዬ ገባ፣ አስነጠሰኝ ሰባቴ፤
"ይማርሽ" አለኝ ሰባቴ፣ ከአልጋው ላይ፣ አባቴ።

ሳሙናውን ግን እኔው ልሥራ አልኩ። እልህ ነው መሰለኝ።
ከዳቦ ቤት አመድ ለመንኩ፣ ዘፈዘፍኩ፣ በነጠላ ጫፍ አጠለልኩ፤
እንቁላል ጣልኩበት፣ ከተንሳፈፈ ደርሷል ተብሎ፤
ሰጠመ። ታች ወርዶ ቁጭ አለ፣ ተደላድሎ።
"በይ እሱን ቀቅለሽ ብዪው" አለች ሂቦ፣ በሳቅ እየፈረሰች።

እንደገና አመድ፣ እንደገና ውሃ። እንቁላሉ በመጨረሻ
አናቱን ብቅ አደረገ፣ የሃምሳ ሳንቲም ታህል።
ከጉሎ ዘይት ጋር አማሰልኩት፣ ክንዴ እስኪዝል፤
መብራት ሄደ፤ ባትሪውን በጥርሴ ነክሼ አማሰልኩ።
ሲነጋ ያገኘሁት፣ ገንፎም አይደል፣ ሳሙናም አይደል፤
ግን አረፋ አለው። እጄን አላቃጠለም። ይኼም እድል።

ቅዳሜ በጠዋት፣ የጣራው ሮቶ ውሃ ሳይፈላ በፊት፣
አባቴን በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ ፓፓያው ሥር።
ቀሲሉን በሰሊጥ ዘይት ለወስኩ፣ እሬት ጠብ አደረግኩ፣
ጀርባውን ከትከሻ እስከ ወገብ ቀባሁት።
"አዲስ የተቀባ ፉርጎ አስመሰልሽኝ" አለ፣
ሳቀም፤ ስንት ሳምንት ያልሰማሁትን ሳቅ።

ከዚያ እጁን ያዝኩ።
ሠላሳ አራት ዓመት በምድር ባቡር ወርክሾፕ፤
በአሥሩም ጥፍሩ ሥር ጥቁር መሥመር አለ፣
እንደ ሐዲድ የቀጠነ፣ ግራሶና የብረት ብናኝ።
በቀሲሉ አሸሁ። በሎሚ። በአመዱ ሳሙና።
በጥርስ ቡሩሽ ሁሉ።
ጣቱ ቀላ እንጂ ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም።
እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ፣ ብዩን እንደሚደብቅ ልጅ፤
"እሱን ተዪው" አለኝ፣ "ያ እድፍ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"
አውራ ጣቱን ወደ ብርሃኑ አነሣ፣ እያገላበጠ።
"ይቺ ከአይሻ መልስ የቆመችብን ናት፣
ሌሊቱን ሙሉ ሆዷ ውስጥ ገብተን ያስነሣናት።"
ሌባ ጣቱን አየ። ቆየ።
"የሌሎቹን ረስቻለሁ። ቢሆንም ተዪአቸው።"

አረፋው በጓሮው ሸርተት አለ፣ እስከ ፓፓያው ግንድ፤
ዶሮዎቹ ቀርበው አዩት፣ ናቁት።
ከሳሙናው ግማሹን በሽንቁሩ ለሂቦ አቀበልኩ፤
አሸተተችው። "አመድ አመድ ይላል።"
"ይበል" አልኩ።

አሁን ጀርባው ሽሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ፤
ጣቶቹ ላይ ስደርስ ዙሪያውን ነው የማሸው፣
ሥሩን አልነካም።