ባላምባራስ

በቅዳሜ ገበያ፣ ከእህል በረንዳው፣
ሹመት የሰጠሁት ድመት ነው የማወጋው።
ባላምባራስ ስለው፣ አምባው ጆንያ ነው፤
ጠላቱ አይጥ ብቻ፣ ደሞዙ ሳንባ ነው።

ማክሰኞ ማለዳ ደሞዙን አልነካ፤
ቢጫ አረፋ ተፋ፣ ተቅማጡም ደም ነካ።
ከጣሳው አፍ ደርሶ አንገቱን ደፋና
ውኃውን ያየዋል። አይጠጣም። ዝም ነው፣
እንደ ጠበል ተጠማቂ ወረፋ እንዳልደረሰው።

«ድመት ብትመነኩስ ዓመሏን አትረሳ»
ይላል ያገሬ ሰው፤ የኔው ግን ረሳ፦
አይጥ ሽንብራ ነክሳ ባፍንጫው ሥር ስታልፍ
ጢሙ እንኳ አልነቃ፤ እኔው ነኝ የምንሰፈሰፍ።

«መርዝ ነው» አለች የሻረግ፣ ሚዛኗን ጥላ።
ዓይኔ ወዲያው ሄደ፣ ወደ ጓንጉል ጥላ፤
በሰኔ ያይጥ መድኃኒት ሲያቦካ አይቻለሁ።
ፍርዱን ያለ ምስክር ለብቻዬ ሰጠሁ፤
ሦስት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነሳሁ፤
የተዋስኩትን ቁና እንኳ በልጅ ላክሁ።

ማራኪ ወሰድኩት፣ በካርቶን፣ በባጃጅ።
ዶክተር ስመኝ ዳሰሰችው፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ።
«መርዝ አይደለም» አለች፣ «ቫይረስ ነው፤ አንጀቱን
ልጦ ነው የሚበላው፤ መቅኒው ድረስ ገብቶ ነጭ የደም ሕዋሱን
ያራቁታል። የሚገድለው መድኃኒት የለንም፤
ግሉኮስ እንስጠው። ቢያድር... እንጃ፣ አላውቅም።»

«ከደጅ የማይወጣ፣ በየት ገባ?» ብላት
ጫማዬን አየችው።
ዝም አልኳት።

ያለፈው ሳምንት አዘዞ፣ ሽንብራ ስዋዋል፣
ሦስት የድመት ግልገል በራፉ ላይ ተኝተው በተቅማጥ ርሰዋል።
ተራምጃቸው ገባሁ፣
በዚሁ ጫማዬ፤ ሃያ ብር አስቀንሼ ወጣሁ።

ነጭ ጤፍ ሲጠብቅ ነጩ ደሙ አለቀ።
ዓርብ ለቅዳሜ፣ ጣሳው እንደሞላ፣ ባላምባራስ ወደቀ።

«ሳሙናን ይንቃል፣
ዓመት ከስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ይነቃል፤
በረኪና» ብላኝ፣ እጄ እስኪላጥ አጠብኩ።
በሁለት ሌሊት ሁለት ጆንያ ተቀደደ፤ አይጦቹን አልሰደብኩ።

ሰኞ ጓንጉል መጣ። ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ይጮኻል፤
ጭብጥ የማይሞላ፣ ዓይኑ ገና ጉም ይመስላል።
«ሰማሁ» አለኝ። ከደጃፉ አቆምኩት።
ጫማዬን አውልቄ፣ እንደ ሥላሴ ደጅ፣ በባዶ እግሬ ቀረብኩት።
«መጀመሪያ ክትባት፤ እስከዚያ አንተው ጋ ትደር።
ይሄ ወለል ዓመት ሳይሞላው አይደፈር።»

ስለ መርዙ ነገር አንድ ቃል አልወጣኝ።
እሱም አልጠየቀኝ።
ቁናውን መልሼ እንዲያውሰኝ ለመንኩት።
ሰጠኝ።